ጊደሬ ለአቶ ሙሉዓለም የፈረመች ዕለት

ባለፈው ኅዳር አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቀበሌው ጠርቶን አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና «የዛሬው አጀንዳ አንድ ነው» አለ። «ከመንግሥት ሥራዎች ውስጥ የትኞቹ ከሲቪል ሰርቪሱ ደንብ ውጪ ቢሆኑ ይሻላል? ሕዝቡ ሐሳብ ይስጥበት ተብሏል።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ምን ያድርግ? እኛ የለመድነው ተወስኖ ሲነገረን ማጨብጨብ ነው። እጃችን ለጭብጨባ ተዘጋጅቶ ጭናችን ላይ ተቀምጦ ሳለ ሐሳብ ስጡ ሲሉን ግራ ገባን። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት ተነሡና «መዝገብ ቤት!» አሉ። «እኔ መዝገብ ቤት ያስገባሁት ጉዳይ እስከ ዛሬ አልወጣም። እንግዲህ ሠራተኞቹ እንኳ ይውጡ።» ተጨበጨበ። አንዲት ሴት አዋላጅ ነርሶችን ጠራች። አንድ መምህር መምህራንን ጠራ፤ ራሱን መጥራቱ ስለነበር አልተጨበጨበለትም።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ። እጄን አወጣሁና «ከብት አዳቃዩ!» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው እንኳ በማስታወሻው ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ «በይ እስቲ ምክንያትሽን አስረጂ፤ ሁለት ደቂቃ አለሽ» አለኝ።

ይኼን ጉድ በሁለት ደቂቃ! ለእሱ የነገርኩት አጥንቱን ነው። ለእናንተ ከነሥጋው እነግራችኋለሁ፤ የተጣደፈ ካለ ይሂድ፣ አልቀየምም።

ወለላ የምትባል ጊደር አለችኝ። እናቷ በወለደቻት በሦስተኛው ቀን ስለሞተች በጡጦ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በዚህ የተነሣ ራሷን ከከብት አትቆጥርም። እንግዳ ሲመጣ ከእኔ ቀድማ በር ላይ የምትቆመው እሷ ናት። እኔ ሳስነጥስ ከበረት ትመልስልኛለች። ባለቤቴ ግን ገበሬ ነው፤ ስታስነጥስ አይሰማውም። እሱ የሚያየው ዕድሜዋን ነው።

«ይቺ ጊደር ደርሳለች» አለኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ። «ሁለት ጊዜ ኮርማ ፈልጋ ሁለቱም አመለጣት። ሦስተኛው ካመለጣት ለፋሲካ ግምጃ ቤት ከተማ ከብት ገበያ እነዳታለሁ።»

ለፋሲካ ግምጃ ቤት የተነዳ ከብት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እኔም ስለማውቅ የዚያን ቀን ምሳዬ አልወረደልኝም።

ከብት ለማታረቡ ልንገራችሁ። ጊደር ኮርማ የምትፈልገው ለአንዲት ቀን ነው፤ እሷም ሙሉ ቀን ከሆነች። ያቺ ካለፈች ሃያ አንድ ቀን፣ ወይ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ፣ መጠበቅ ነው። ወለላ መጀመሪያ የፈለገችው ቅዳሜ ዕለት ነው፤ የአዳቃዩ ቢሮ ዝግ። ሁለተኛ የፈለገችው የጥምቀት ዕለት፤ ቢሮው ዝግ፣ ሰዉ ሁሉ ታቦት አጅቦ ወጥቷል። ይቺ ጊደር ቀን መቁጠሪያ በልታለች እንዴ ብዬ በረቷን ፈትሻለሁ።

ኮርማ ፈልጊላታ እንዳትሉኝ። በሰፈራችን የነበረው አንድ ኮርማ ለእርሻ ተብሎ ተቀጥቅጦ በሬ ሆኗል። አሁን ወለላ በአጠገቡ ስታልፍ እንደ ጡረተኛ ቀና ብሎ ያያትና ወደ ሣሩ ይመለሳል። ያለን ተስፋ፣ ያለ ኮርማ በዕቃ የሚያዳቅለው የመንግሥት አዳቃይ ደምሌ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ረቡዕ ጧት፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ወለላ በሬው ላይ ወጥታለች። ከበሬው ወርዳ የድንች ክምሩ ላይ ወጣች። ባለቤቴ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ቢል እሱም ላይ ወጣች።

«ያዢልኝ! ያዢልኝ ይቺን ልጅሽን!» ይላል ከሥር ሆኖ።

እኔ ግን እልል አልኩ። ባሌ ስለተረገጠ አይደለም፤ ረቡዕ ስለሆነ ነው። ረቡዕ! የሥራ ቀን! በዓል የሌለበት፣ ስብሰባ ያልተጠራበት ንጹሕ ረቡዕ! ነጠላዬን አጣፋሁና ባጃጅ ይዤ ወደ መሃል ቆሰበር ከተማ በረርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ከብት የሚመለከተው መሆኑ ይበቃል።

ደምሌን በር ላይ አገኘሁት። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ አይደለሁም ማለት ከሰለቸው ቆይቷል።

«ዶክተር፣ ወለላ ፈለገች!»

«መቼ?»

«አሁን ጧት!»

«ጧት የፈለገች ከሰዓት ነው የምትዳቀለው። ጥሩ ሰዓት ነው የመጣሽው» አለና ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። አውራ ጣቱን ዓይኔ ሥር አቆመልኝ። «ግን ይቺን ታያለሽ? ይቺ በቀን አራት ጊዜ እዚያ ሳጥን ላይ ካላረፈች እኔ የለሁም።»

ሳጥኗ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰክታለች። ሠራተኛው ጣቱን ሲያስነካት ፎቶውን ታወጣና በፈረንጅ አፍ «ታንክ ዩ» ትላለች። ካልጣማት «ፕሊስ ትራይ አጌን» ትላለች። ያመጣት የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ሙሉዓለም ነው። ድሮ ሠራተኛው በወረቀት ሲፈርም የመጣው ላልመጣው ይፈርምለት ነበር፤ አቶ ሙሉዓለም ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ አንድ የሚጠላው ነገር ቢኖር ለሰው መፈረም ነው። «ሰው የገደለ ንስሐ ይገባል፤ ለሰው የፈረመ ግን ምን ይገባል?» ይል ነበር አሉ።

«ታዲያ ከአንዱ ማስነካት እስከ ሌላው ባለው መሃል ወጣ ብለህ አዳቅልልኛ» አልኩት ደምሌን።

«በሥራ ሰዓት ለመውጣት የመስክ ቅጽ ያስፈልጋል። ቅጹ ሰኞ በዕቅድ ካልተያዘ አይሞላም። ያለ ቅጽ ስወጣ ቀሪ ነኝ። ሦስት ቀሪ አለብኝ።»

«ምን ነክቶህ ሦስት ቀን ሙሉ ቀረህ?»

«አንዷ ቡሬ ናት። አንዷ ዳለቻ ናት። አንዷን ስሟን ረሳሁት፤ ቀንዷ የተቆለመመ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስቱም ይዘዋል። እኔም ተይዣለሁ። አራተኛ ከቀረሁ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው፤ መሰናበት ሁሉ አለበት።»

የልጆች አባት ነው። ቢሆንም ወለላዬ ትዝ አለችኝና አዘኔታዬን ለሌላ ቀን አቆይቼ ወደ አቶ ሙሉዓለም ቢሮ ገባሁ።

የአቶ ሙሉዓለም ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ቦታው በመስመር ተከብቦ ስሙ ተጽፎበታል። ስቴፕለሩ በተከበበለት ውስጥ ተኝቷል፣ ላዩ ላይ «ስቴፕለር» ይላል። የሻይ ብርጭቆው «ብርጭቆ» ይላል። ሰውዬው ራሱ ወንበሩ ላይ ልክ በተሰመረለት የተቀመጠ ይመስላል። ትሑት ነው ደግሞ፣ ለባለጉዳይ ሁሉ እርስዎ ይላል።

«ጊደርዎ በዚህ ሳምንት ዕቅድ አልተያዘችም» አለኝ፣ መዝገብ ገልጦ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወርዶ።

«ዛሬ ጧት ነው እኮ የፈለገችው።»

«ሰኞ ማስያዝ ነበረብዎት።»

«ሰኞማ አልፈለገችም!»

«እንደምትፈልግ አይታወቅም?»

«እሷስ ብትሆን የምታውቅ ይመስልዎታል?»

አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው። «ባለጉዳዩ ማን ነው? እርስዎ ነዎት ወይስ ጊደሯ?»

«ጊደሯ ናት እንጂ! እኔማ አራት ወልጃለሁ።»

«እንግዲያው ባለጉዳዩ እዚህ ግቢ በአካል ቢቀርብ መስክ አይባልም ነበር፤ የቢሮ አገልግሎት ይሆናል። ለቢሮ አገልግሎት ቅጽ አያስፈልግም» አለና መዝገቡን ዘጋ።

አሁን ሳስበው ሰውዬው እያሰናበተኝ ነበር። እኔ ግን መንገድ አሳየኝ ብዬ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመስግኜ፣ እየሮጥኩ ወጣሁ። ሞኝ ሰው ሲያባርሩትም ያመሰግናል፤ ምስክሯ እኔው።

ከቤታችን እስከ መሥሪያ ቤቱ በደኅና ቀን በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም። ኮርማ ከምትፈልግ ጊደር ጋር ሌላ አገር ነው። ባለቤቴ ከፊት ገመዱን ይዞ፣ እኔ ከኋላ በቀርቀሃ ዱላ እየነዳሁ አስፋልቱን ያዝን። ወለላ የሚራመድ ነገር ሁሉ አማራት። የጋሪ ፈረስ ላይ ልትወጣ ስትል ፈረሱ ጋሪውን ይዞ ጠፋ። አደባባዩ ጋ መንገድ ተዘግቶበት የቆመ ባጃጅ ላይ የፊት እግሮቿን ጫነች።

«እናት! ውረጂ በያት! ሰው ጭኛለሁ!» ይጮኻል ሾፌሩ።

ከውስጥ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ብቅ አደረጉና «አንተ ልጅ፣ ሦስት ሰው ነው የተፈቀደልህ። ይቺ ትርፍ ናት!» አሉት። ተማሪዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹናል። ባለቤቴ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው አወረደው። «ባሌ አያውቃትም በይ» ይለኛል፣ ገመዱን እንደ ያዘ።

በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመን። «መታወቂያ።»

«የማን?»

«የሚገባው ሰው።»

የእኔን ሰጠሁት፣ የባሌን ሰጠሁት። ወደ ወለላ አየ። ግራ ገብቶት የእንግዳ መዝገቡን ገለጠ። ስም፦ ወለላ። የመጡበት ጉዳይ የሚለው ጋ ብዕሩን አንሥቶ ብዙ ቆየና «የግል» ብሎ ጻፈ።

ስንገባ የምሳ ሰዓት ሆኗል። ሠራተኛው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጣቱን አስነክቶ ወጥቷል። ደምሌ ብቻ፣ ስወጣ ነግሬው ስለነበር፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። የማዳቀያው ዕቃ የተቀመጠበትን ክፍል ቁልፍ የያዘችው ሴትዮም ምሳ ሄዳለች። «ችግር የለም፣ ሰባት ተኩል ላይ እጄን አስነካና ወዲያው» አለን። ወለላን በሩ አጠገብ ካለው ብረት ላይ አሰርናትና ቆሎ ይዘን ተቀመጥን።

ልብ አድርጉልኝ፤ በሩ አጠገብ ነው ያሰርናት። ሳጥኗም በሩ አጠገብ ናት።

ከብት ጨው ይወዳል። ያቺ ሳጥን ደግሞ በቀን አራት ጊዜ የስንቱ ሠራተኛ ላብ ያረፈባት ናት። ቆሎዬን ስቆረጥም «ላጭ፣ ላጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ስል ወለላ ሳጥኗን እንደ አሞሌ ጨው ትልሳለች። ዳር ዳሯን ላሰች፣ መሃሏን ላሰች። ከዚያ እርጥብ አፍንጫዋን መስተዋቷ ላይ ለጠፈች።

«ታንክ ዩ» አለች ሳጥኗ።

ሁላችንም ቆምን። መስኮቷ ላይ የአቶ ሙሉዓለም ፎቶ ወጣ፣ ከነከረባቱ። ከሥሩ ሰዓቱ፦ ሰባት ከአራት። ገብቷል።

ዘበኛው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወይኔ! ለሰው ፈረመች!»

«ማንም አላየ» አለ ባለቤቴ፣ አምስታችንም እዚያው ቆመን። አምስታችን ስል ወለላን ቆጥሬ ነው፤ ዛሬ ተቆጥራለቻ!

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኛው ተመለሰ። የመጀመሪያዋ ሴት ጣቷን አስነካች። «ፕሊስ ትራይ አጌን።» ቀጣዩ። «ፕሊስ ትራይ አጌን።» የወለላ ምራቅ ሳጥኗ ሆድ ውስጥ ገብቷል። አንዱ ጣቱን በካፖርቱ ይጠርጋል፣ አንዱ እፍ ይልበታል፣ አንዷ የግራ ጣቷን ትሞክራለች። ሰልፉ ከበሩ እስከ ዘበኛው ማማ ደረሰ። አቶ ሙሉዓለም መጥቶ ራሱ ሞከረ። «ፕሊስ ትራይ አጌን» አለችው፣ ያመጣትን ሰውዬ!

«ማንም ሳይፈርም ሥራ እንዳይጀምር!» አለ ላቡ ግጥም ብሎ። «ሳይፈርም ሥራ የጀመረ፣ ሥራ አልጀመረም!»

እንዲህ እያልን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ደምሌ ሰልፉ መሃል አውራ ጣቱን እንደ ሻማ ይዞ ቆሟል። ወለላ ጩኸቷን ቀንሳለች። ጊደር ዝም ስትል ሰዓቷ እያለፈ ነው። ባለቤቴም ያውቃል፤ ገመዱን ከብረቱ መፍታት ጀመረ።

«ትንሽ እንቆይ» አልኩት።

«በቃ ተይው። ግምጃ ቤት» አለ። ወለላ ደግሞ የምትሄድ መስሏት ደስ ብሏት እጄን ላሰችኝ።

ደምሌ ይኼን አየ። ጣቱን አየ። ከዚያ ከሰልፉ ወጣ።

«ደምሌ!» አለ አቶ ሙሉዓለም። «ከሰልፍ ከወጣህ ቀሪ ነህ!»

«እዚሁ ቆሜ?»

«እዚሁ ቆመህ!»

«እሺ። እዚሁ ሆኜ ልቅር» አለና ቁልፉን ከሴትዮዋ ተቀብሎ ገባ።

ነጭ ጭስ የምትተፋዋን የዘር ማቀዝቀዣ ጣሳ አቅፎ ወጣ፤ እስከ ትከሻው የሚደርስ የላስቲክ ጓንቱን አጠለቀ። ሠራተኛው በሙሉ ፊቱን አዙሮ ተመለከተ። ሥራው ሻይ ተቀድቶ እስኪበርድ እንኳ አልፈጀም። ወለላ ዞር ብላ አየችኝ፣ ለዚህ ነው አስፋልት ያቋረጥነው በሚል ዓይን።

የዚያን ዕለት ከሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ምን ይላል መሰላችሁ? ሁሉም ቀሪ። የተገኘ፦ አቶ ሙሉዓለም፣ ሰባት ከአራት።

ዘበኛው አፉ ከእኔም የባሰ ስለሆነ፣ አሥራ አንድ ተኩል ሳይሞላ ማን እንደ ፈረመለት ግቢው በሙሉ አወቀ። አቶ ሙሉዓለም ግን «ማሽን አይሳሳትም» ብሎ ጸና። ቢሳሳትማ የሁሉም ቀሪ ሊሰረዝ ነው። ስለሌላው ሠራተኛ በኋላ እንነጋገራለን ተባለ፤ ደምሌ ግን በሕዝብ ፊት ከሰልፍ ወጥቷልና ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ ደብዳቤ ደረሰው። እኔ ሃያ አንድ ቀኔን እቆጥራለሁ፣ እሱ አሥራ አራቱን ይቆጥራል። አፈርኩ። ጊደሬን አተርፋለሁ ብዬ የሰው አባወራ ገመድ ላይ አሰርኩ።

ሐሙስ ጧት ሳጥኗ ደረቀችና ሠራተኛውን አንድ በአንድ «ታንክ ዩ» አለች። አቶ ሙሉዓለም ጣቱን ሲያስነካ «ፕሊስ ትራይ አጌን» አለችው። አርብም እንዲሁ። ሰኞም እንዲሁ። የወለላን አፍንጫ ተቀብላ የእሱን ጣት ረስታዋለች። ጠጋኙ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሌላ ሳምንት ነው። አቶ ሙሉዓለም ሦስት ቀሪ ሆነበት። ቆጣሪው ራሱ ነው፣ ለራሱም አላዳላም። እዚህ ላይ አከበርኩት፤ ውሸት አልወድም።

ማክሰኞ ጧት አንድ ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። እንደ ልማዷ ወለላ ቀድማ ቆመች። ከደጅ አቶ ሙሉዓለም፣ ከረባቱን አሥሮ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ።

እሷን ነው ያያት፣ እኔን አይደለም። «ደኅና አደሩ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግቡ እንጂ!» አልኩት እኔ።

«አልገባም። አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው። ጊደርዎ... ለአንድ ደቂቃ ብቻ... ቢሮ ድረስ ብትመጣልኝ።»

«ምን ልታደርግልዎ?»

ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። «ትፈርምልኝ።»

ባለቤቴ ከውስጥ የያዘውን ጣሳ ጣለው። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ልከትት ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ግን ደምሌ ታየኝ፣ ጣቱን እንደ ሻማ ይዞ። ፊቴን አኮሰተርኩ፤ ልክ እሱ ያን ዕለት መዝገቡን ሲገልጥ እንዳደረገው።

«አቶ ሙሉዓለም፣ ወለላን በዚህ ሳምንት ዕቅድ ይዘዋታል?»

ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ አየ።

«ሰኞ ማስያዝ ነበረብዎት።»

«ሰኞ ማሽኗ ትቀበለኛለች ብዬ...» አለና አቋረጠ። የራሱ ጆሮ ሰማው። የራሱ ጆሮ ሲሰማው ፊቱ ላይ አየሁት።

«ደግሞ አዲስ የተዳቀለች ጊደር አታናውጧት ብሎናል ደምሌ። ከያዘች መንገድ ያስወርዳታል። የያዘች መሆኗን የሚያውቅልን ደግሞ ደምሌ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ደምሌን ሊያባርሩት ነው። እንዴት እናድርግ?»

ወለላ ከረባቱን መቅመስ ጀመረች፤ አልከለከላትም። በመጨረሻ ከቦርሳው ቅጽ አወጣ። ግርግሙ ላይ ወረቀቱን አስደግፎ ጻፈ። የመጀመሪያው የመስክ ስምሪት ነው፦ ስም፣ ወለላ። የስምሪቱ ቦታ፣ የቢሮ በር። ምክንያት የሚለው ጋ እንደ ዘበኛው ብዙ ቆየና «አስቸኳይ» አለ። ሁለተኛው ማስታወሻ ነው፦ ረቡዕ ከሰዓት መሣሪያው ብልሽት ስላጋጠመው ሠራተኛው በሙሉ እንደ ተገኘ ይቆጠር።

«ደምሌም?» አልኩ።

«በሙሉ ማለት በሙሉ ነው» አለ ተቆጥቶ።

ወለላን ቀስ እያልን፣ እንደ ሙሽራ በጥላ ሥር ወሰድናት። ባለቤቴ ባርኔጣውን አላወረደም፤ እንዲያውም ገፋ አድርጎት ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ሳጥኗን ላሰች፣ አፍንጫዋን ለጠፈች።

«ታንክ ዩ» አለች ሳጥኗ።

«እኔም አመሰግናለሁ» አለ አቶ ሙሉዓለም። ለማን እንዳለ አላውቅም።

ሌላ ቀን አልጠራንም፤ ጠጋኙ ከተባለው ቀድሞ በዚያው ጧት መጣና ጣቱን መለሰለት። እኔም ወደ ሃያ አንድ ቀኔ ተመለስኩ። በሃያ አንደኛው ቀን ከንጋት ጀምሮ በረት ደጃፍ ተቀምጬ ጆሮዬን አቆምኩ። የጮኸው የጎረቤት አህያ ብቻ ነው። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት። ወለላ ሣሯን ታኝካለች። በሃያ አምስተኛው ቀን ባለቤቴ ገመዱን ከበሩ አንሥቶ ማገሩ ላይ ሰቀለው። ፋሲካንም በዶሮ ዋልን።

እንግዲህ ወደ አዳራሹ እንመለስ፤ ሁለት ደቂቃዬ ገና አላለቀም። ሕዝቡ እየሳቀ ነው፤ ከፊት ወንበር አቶ ሙሉዓለም ተቀምጧል፤ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች ይዞ እንዲመጣ ታዟልና። የስብሰባው ስም መጥሪያ እሱ ጉልበት ላይ ነው። እንዳናመልጥ ፊርማው በመጨረሻ ነው የሚዞረው። ደምሌ ሁለት ረድፍ ከኋላው አለ። እኔ ስም አልጠራሁም፤ ግን «ሳጥን» ስል የአቶ ሙሉዓለም ጆሮ ቀላ።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ሰብሳቢው «ስልክ!» ሲል ባለቤቴ መሆኑን አይቼ አነሣሁት።

«ወለላ ምጥ ላይ ናት!» ይጮኻል፤ አዳራሹ በሙሉ ይሰማዋል። «አንድ እግር ብቻ ነው የወጣው! ጥጃው ታጥፏል! ደምሌን ፈልጊልኝ፣ ልትሞትብን ነው!»

ሳቁ ቆመ። ደምሌ ብድግ አለ።

«ስብሰባ አቋርጦ መውጣት አይቻልም» አለ ሰብሳቢው። «የመንግሥት ሠራተኛ ሳይፈርም ከወጣ በቀሪነት ነው የሚመዘገበው፤ ከላይ መመሪያ አለን።»

ደምሌ እንደዚያ ቀን ጣቱን አላየም። ያየው አቶ ሙሉዓለምን ነው። አዳራሹም በሙሉ አቶ ሙሉዓለምን አየ። እኔ ስልኩን እንደ ያዝኩ ቆሜያለሁ፤ ከውስጡ የወለላዬ ማቃሰት ይሰማል።

አቶ ሙሉዓለም ከኪሱ ብዕር አወጣ። ክዳኑን ነቀለ።

«ሂድ» አለው። «እኔ እፈርምልሃለሁ።»

ባጃጁ እንዴት እንደ በረረ አልነግራችሁም። ደምሌ ካፖርቱን አውልቆ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ፣ የታጠፈውን እግር አቀናና ጥጃዋን ስቦ አወጣት። ሴት ናት። እሁድ ተወለደች፤ ማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ። ባለቤቴ ስሟን «ፊርማ» አላት።

በሳምንቱ አቶ ሙሉዓለም ሊጠይቀን መጣ። ፊርማ ገና በእግሯ ሳትጸና እየተንገዳገደች ሄዳ ኪሱን አሸተተችው። ራሷን ደባበሳት፣ ጆሮዋን አሻሸላት፣ «ታድላ!» አለ፣ ወለላንም እንኳን ማርያም ማረችሽ አላት። ይኼን ሁሉ ያደረገው በግራ እጁ ነው። ለሰው የፈረመበትን ቀኝ እጁን እስኪሄድ ድረስ ከኪሱ አላወጣም።